እሳትና ቧንቧ፦ የዘንድሮው የእጅ ሥራ ትዕይንት ሲገመገም

አዘጋጆቹ ስለ ዘንድሮው የእጅ ሥራ ትዕይንት አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ ሲጠይቁኝ፣ እንደተለመደው ልጆቹን አመስግኜ፣ እንግዶቹን አመስግኜ፣ «በርቱ» ብዬ ልዘጋው አስቤ ነበር። ግን ምስጋና ብቻ የጻፈ ሰው ሂስ ጻፈ አይባልም። ሂስ ማለት ደግሞ ማጣጣል አይደለም። እህል ሲበጠር ገለባው ብቻ አይደለም የሚለየው፤ ፍሬውም ያኔ ነው የሚታየው። ስለዚህ ዘንድሮ እንበጥር። ከልጆቹ በፊት የምበጥረው ራሴን ነው፤ ምክንያቱን መሐል ላይ ስትደርሱ ታገኙታላችሁ።

ትዕይንቱ የተካሄደው እዚሁ ጅቡቲ ከተማ፣ ጋቦዴ ውስጥ፣ የማታ ትምህርት በምንሰጥበት ግቢ ነው። ጋቦዴ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው እስር ቤቱ ነው። ለኛ ግን ቤት የተከራየንበት፣ ውኃ በጀሪካን የምንቀዳበት፣ ልጅ የምናስተምርበት ሰፈራችን ነው። ከዓሊ አዴና ከሆል ሆል መጠለያዎችም ሥራዎች በመኪና ተጭነው መጥተው ነበር። ጥልፉ፣ ሰፌዱ፣ ከቆርቆሮ የተሠራው ምድጃ ሁሉም ጥሩ ነው፤ ሁሉንም ለመተቸት ግን ገጹ አይበቃኝም። እኔ የመረጥኩት «በሙቀት ቅርጽ የያዙ የፕላስቲክ ቧንቧዎች» የሚል ወረቀት የተለጠፈበትን የጥግ ጠረጴዛ ነው። ሦስት ሥራዎች ነበሩበት፤ የመብራት ገመድ ማሳለፊያ፣ የውኃ ቧንቧ መገጣጠሚያና ዋሽንት።

ለምን ይሄን ጠረጴዛ መረጥክ የሚለኝ ይኖራል። መልሴ አጭር ነው። ይህች ከተማ የምትኖረው በቧንቧ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ዓ.ም. የተመረቀው መስመር ከኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል ከሐደጋላ ተነሥቶ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ አቋርጦ ወደ ጅቡቲ ውኃ ያመጣል። ከትልቁ መስመር ቀጥሎ ያለው የጣሪያና የግድግዳ ቧንቧ ግን በማን እጅ ነው የሚገጠመው? አብዛኛውን ጊዜ እንደኛ ባለ የቀን ሠራተኛ እጅ ነው። ተማሪዎቻችን ከዚህ ወጥተው የሚይዙት ሥራ ይሄው ነው።

ሰምና ሸክላ

ሥራዎቹን ከማየታችን በፊት ዕቃውን እንወቅ። ሸክላ አንዴ ከተቃጠለ ተመልሶ ጭቃ አይሆንም። ሰም ግን ስታሞቀው ይለሰልሳል፣ ሲበርድ ይጠነክራል፣ ደግመህ ብታሞቀው ደግሞ ይለሰልሳል። ከፕላስቲክም እንደ ሸክላው የሆነ አለ፣ እንደ ሰሙ የሆነ አለ። የቧንቧ ፕላስቲኮች አብዛኞቹ የሰሙ ዘመድ ናቸው።

ሰሙ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ግራጫውና ጠንካራው ቧንቧ ብዙ ጊዜ ፒቪሲ ነው። ጥቁሩ፣ በጥቅል የሚሸጠው፣ ፖሊኢትሊን ነው። ለመለየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ከሁለቱም ቁራጭ ቆርጣችሁ ውኃ ውስጥ ጣሉ፤ ፒቪሲው ይሰጥማል፣ ፖሊኢትሊኑ ይንሳፈፋል። አንዱ ከውኃ ይከብዳል፣ ሌላው ይቀላል። ይህን ሙከራ የትም ክፍል ውስጥ በአንድ ባልዲ መሥራት ይቻላል።

ፒቪሲ 80 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ሲደርስ ጥንካሬውን መልቀቅ ይጀምራል። ከ100 እስከ 130 ባለው ውስጥ እንደ ወፍራም ቆዳ ይታጠፋል። ከዚያ በላይ እየሞቀ ሲሄድ ቡናማ ይሆናል፣ ይጠቁራል፣ ይጨሳል። ጭሱ ተራ ጭስ አይደለም። ፒቪሲ በክብደቱ ከግማሽ በላይ፣ ወደ 57 በመቶ የሚሆነው፣ ክሎሪን ነው። ክሎሪኑ ደግሞ የሚገኘው ከጨው ነው፤ አሳል ሐይቅ ዳር ከምናየው ዓይነት ከተራው ጨው። እናም ሲቃጠል የሚወጣው ሃይድሮጂን ክሎራይድ የሚባል ጋዝ ነው። ጋዙ ዓይንና ሳንባ ላይ ካለው እርጥበት ጋር ሲገናኝ አሲድ ይሆናል። «ጭሱ ዓይኔን ቆረጠኝ» የምትሉት ለዚህ ነው። መቆርቆር ብቻ አይደለም፤ አሲድ ነው።

የመጀመሪያው ሥራ፦ ማሳለፊያው

የመብራት ገመድ ማሳለፊያውን የሠራችው የማታ ክፍል ተማሪያችን ናት። ቀጭን የፒቪሲ ቱቦ ነው፤ በሰሌዳ ላይ ተሰክቶ ሁለት ማዕዘን ዞሮ ወደ ማብሪያው ይደርሳል። ከሩቅ ሲታይ «ይሄ ምን አለው፣ የታጠፈ ቱቦ ነው» ያሰኛል። ጠጋ ብላችሁ መታጠፊያውን ብታዩት ግን የትም ቦታ አልተሸበሸበም፣ አልተጨፈለቀም፣ ቀለሙም አልተለወጠም።

እንዴት እንደሠራችው ጠየቅኳት። ቱቦውን በደረቅ አሸዋ ሞላችው፣ ሁለቱን ጫፍ በጨርቅ ወተፈችው፣ የሚታጠፈውን ቦታ በፈላ ውኃ ውስጥ ያዘችው። ሲለሰልስ በጣውላ ላይ በተመቱ ምስማሮች ዙሪያ አጥፋ፣ በእርጥብ ጨርቅ እስኪበርድ ድረስ ያዘችው። «አሸዋው ለምን?» አልኳት። «ውስጡ ባዶ ከሆነ ይጨፈለቃላ!» አለችኝ፣ ይሄንንም አታውቅም እንዴ በሚል ዓይን። የፈላ ውኃ ከ100 ዲግሪ አያልፍም። ስለዚህ ብትረሳው እንኳ ፕላስቲኩ አይቃጠልባትም። ቴርሞሜትር የሌለው ሰው ያለው ርካሹ ቴርሞሜትር የፈላ ውኃ ነው። አሸዋው እርጥብ ቢሆን ኖሮ ግን እንፋሎቱ ውታፉን ሊያፈናጥረው ይችል ነበር፤ በፀሐይ አድርቃዋለች።

ጉድለት የለውም ወይ? አለው። አንደኛ፣ መታጠፊያው በጣም ጠባብ ስለሆነ ገመድ ለመሳብ ያስቸግራል፤ ሞክሬው እኔ ራሴ ገመዱ ያዘብኝ። ሁለተኛ፣ ውኃ ያፈላችበት ድስት ከወጥ ቤት የመጣ ነው። ለፕላስቲክ የዋለ ድስት ወደ ወጥ አይመለስም፤ ሌላ ጣሳ ይገኝ። ሦስተኛው ጉድለት የሷ አይደለም። ከሥራው ሥር የተለጠፈው ወረቀት ስሟንና ክፍሏን እንጂ አሠራሩን አይናገርም። አሸዋውና ምስማሩ እኮ ነበሩ መታየት የሚገባቸው!

ሁለተኛው ሥራ፦ መገጣጠሚያው

አሁን ወደሚያሳፍረኝ ደረስኩ። ሁለተኛው ሥራ የውኃ ቧንቧ መገጣጠሚያ ነው። የአንዱን ቧንቧ አፍ በእሳት አሙቆ፣ ሌላውን ቧንቧ እንደ ቡሽ አስገብቶ በማስፋት፣ በኮላ የተያያዘ። መንገድ ላይ የሚሠራ የቧንቧ ሠራተኛ ሁሉ ያውቀዋል። ማገናኛ ለመግዛት ገንዘብ የለም፣ ላይተር ግን ኪስ ውስጥ አለ። በትዕይንቱ ላይ ከፍተኛ ነጥብ ያገኘውም ይህ ሥራ ነው፤ በአሸዋ ወረቀት ተለስልሶ፣ ቀለም ተቀብቶ ያበራ ነበር።

ይህን አሠራር ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው ያቋረጥኩት፤ ስለ ክሎሪን ከማንም በፊት ማወቅ የነበረብኝ ሰው ነኝ። ግን እዚህ ስመጣ የቀን ሥራ የሠራሁት ከቧንቧ ሠራተኞች ጋር ነበር፣ ያየሁትን ይዤ ክፍል ገባሁ። ተማሪ ሲጨበጨብለት ደስ ይላል፣ ለመምህርም ደስ ይላል።

የዛሬ ሁለት ዓመት፣ በነሐሴው ሙቀት፣ ከኛ ዘንድ ተምሮ የወጣ ልጅ ቤቴ መጣ። በፌስታል የጠቀለለው ነገር ነበር። ፈታው፤ አፉ እንደ አበባ የተሰነጠቀ መገጣጠሚያ ነው። ከታች ካለው ታንከር ወደ ጣሪያ ውኃ በሚገፋው የፓምፕ መስመር ላይ ገጥሞት ነበር። እኩለ ቀን ላይ ፈነዳ፤ ውኃው የሰው ዕቃ አበላሸ፣ የሁለት ሳምንት ደመወዙም ተቀነሰበት። ከሁሉ የከፋው ግን አሠሪው ሁለተኛ አልጠራውም። ልጁ አልተቆጣኝም። «ቲቸር፣ እርስዎ እንዳሳዩኝ ነው እኮ የሠራሁት» ብቻ ነው ያለኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ታዲያ ለምን ፈነዳ? ኑ፣ አብረን እናስላው። ለሒሳብ መምህራንም ጥሩ ጥያቄ ይወጣዋል።

የውጭ ዲያሜትሩ 20 ሚሊ ሜትር፣ የግድግዳው ውፍረት 2 ሚሊ ሜትር የሆነ ቧንቧ እንውሰድ። የውስጥ ዲያሜትሩ 16 ነው። ተመሳሳዩ ቧንቧ እንዲገባበት ውስጡ ከ16 ወደ 20 መስፋት አለበት። ፕላስቲኩ ግን ከየትም አይጨመርም፤ ርዝመቱ ካልተለወጠ ግድግዳው መሳሳት አለበት። የመሐል ዲያሜትሩ በውፍረቱ ሲባዛ ከመስፋቱ በፊትም በኋላም እኩል ነው። በፊት 18 ሲባዛ በ2፣ 36 ነው። ከሰፋ በኋላ ውፍረቱ 1.66፣ የመሐል ዲያሜትሩ 21.66 ይሆናል፤ ሲባዛ ያው 36 ይመጣል። ግድግዳው 17 በመቶ ሳሳ ማለት ነው።

«17 በመቶ ብቻ? ምን አላት!» እንዳትሉ። ቧንቧ ግፊት የመሸከም አቅሙ የሚለካው ውፍረቱ ለዲያሜትሩ ሲካፈል ነው። በፊት 2 ለ18 ሲካፈል 0.111 ነበር። አሁን 1.66 ለ21.66 ሲካፈል 0.077 ነው። አቅሙ 31 በመቶ ወረደ። እንግዲህ ይህ ምንም ሳይቃጠል፣ ሁሉም ጎን እኩል ሲሰፋ ነው። በላይተር የሞቀ ቧንቧ ግን አንዱ ጎን ጠቁሮ ሌላው ጎን ገና አልለሰለሰም፤ ስለዚህ የለሰለሰው ጎን ብቻ ይሳባል፣ ይሳሳል። ሁለቱ ቧንቧ በተደራረቡበት ቦታ ኮላው ከያዘ ችግሩ ይቀንሳል። ከዚያ ቀጥሎ ያለው አንገት ግን ብቻውን ነው ግፊቱን የሚሸከመው። ልጁ ይዞት የመጣውም ስንጥቅ የጀመረው ከአንገቱ ነው።

ይህ አንዱ ነው፤ ሌላው የጅቡቲ ፀሐይ ነው። ፒቪሲ ቧንቧ ላይ የሚጻፈው የግፊት አቅም ለቀዝቃዛ ውኃ፣ ወደ 23 ዲግሪ አካባቢ የተሰላ ነው። በ43 ዲግሪ ከዚያ አቅም ግማሹ ነው የሚቀረው። በ60 ዲግሪ 22 በመቶው ብቻ። በበጋ እዚህ አየሩ ራሱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ጣሪያ ላይ ፀሐይ የሚያገኘው ቧንቧ ደግሞ ከአየሩ የበለጠ ይግላል። በ43 ዲግሪ ብቻ ብናስበው፣ መጀመሪያ ከመቶ 69 የቀረው አቅም በግማሽ ሲከፈል ወደ 35 ይወርዳል። ፓምፑ ይህን አያውቅም፤ እንደ ድሮው ይገፋል።

ሦስተኛው ነገር ፕላስቲክ የማይረሳ መሆኑ ነው። ፋብሪካ የሰጠውን ቅርጽ ያስታውሳል። ይህን ለማየት በፈላ ውኃ የታጠፈ ቁራጭ ወስዳችሁ፣ ሳትይዙት መልሳችሁ የፈላ ውኃ ውስጥ ክተቱት፤ ቀስ እያለ ወደ ቀጥታው ይመለሳል። በትዕይንቱ ዕለት በአንድ ትርፍ ቁራጭ ሞክሬው ልጆች ተሰብስበው ሳቁ። በኃይል የሰፋ አፍም እንዲሁ ነው፤ ሙቀት ባገኘ ቁጥር ወደ ጥንቱ መመለስ ያምረዋል፣ ኮላውንም ያስጨንቀዋል።

ፍትሐዊ ለመሆን ግን ፋብሪካውም የቧንቧ አፍ የሚያሰፋው በሙቀት ነው። ልዩነቱ የሚያሞቀው በተለካ ሙቀት፣ ዙሪያውን እኩል፣ በልኩ በተሠራ ቅርጽ ላይ አስገብቶ እዚያው የሚያበርደው መሆኑ ነው። ስለዚህ ጥፋቱ ሙቀቱ ላይ አይደለም። ያልተለካ እሳት ላይ ነው። ውኃ በግፊት ለሚያልፍበት መስመር ማገናኛውና ጎሚቶው ይገዛ። ገንዘብ ከሌለ ለባለቤቱ በግልጽ ይነገረው፤ «በእሳት እሠራልሃለሁ» ማለት ርካሽ ይመስላል እንጂ ሁለት ሳምንት ደመወዝ ያስከፍላል።

ሦስተኛው ሥራ፦ ዋሽንቱ

ዋሽንቱን ያመጣው የዓሊ አዴ ልጅ ነው። ዋሽንት አገር ቤት የሚሠራው ከሸምበቆ ነው፤ ብዙውን ጊዜ አራት ቀዳዳ አለው፣ ቀዳዳውም የሚበሳው በጋለ ብረት ነው። በፕላስቲክና በብረት ቱቦ መሥራትም ዛሬ እንግዳ ነገር አይደለም። ሸምበቆ በሌለበት በረሃ ልጁ የቧንቧ ቁራጭ አንሥቶ ዋሽንት ማውጣቱን ሳይ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ መተቸት አልፈለግኩም ነበር።

ድምፁ ጥሩ ነው። ትዝታ ሲነፋ ግቢው ጸጥ አለ። ከጎረቤት የመጡ አንዲት እናት ተቀብለው አዩት፣ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉትና «ልጄ፣ ድምፁስ የአገር ቤት ነው፤ ሽታው ግን የጋራዥ» አሉት። ከኔ ሁሉ ሂስ የሳቸው ይበልጣል። ልጁ ቀዳዳዎቹን የበሳው እንደ ሸምበቆው በጋለ ብረት ነው። ዳርዳሩ ጠቁሯል፣ አብጧል፤ ያበጠው ጠርዝ ጣትን በደንብ ስለማያስደፍን ሦስተኛው ድምፅ ይንሳፈፋል። ለሸምበቆ የሚሆነው ዘዴ ለፒቪሲ አልሆነም።

ሌላም አለ። ቧንቧው ከፍርስራሽ የተገኘ አሮጌ ነው። ፒቪሲ በሙቀት እንዳይበላሽ ፋብሪካዎች ለብዙ ዘመን የእርሳስ ውህድ ይጨምሩበት ነበር፤ በአውሮፓ እንኳ አምራቾቹ በፈቃዳቸው ያቆሙት እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ ላይ ነው። ያልታወቀ አሮጌ ቧንቧ የልጅ ከንፈር ላይ ባይውል ይመረጣል፤ ሲሞረድም አቧራው አይተነፈስ። ምክሬ ይህ ነው። ለመጠጥ ውኃ የተሠራ አዲስ ቁራጭ ይፈለግ፣ ቀዳዳው በእጅ መሰርሰሪያ ይበሳ፣ ጠርዙ በውኃ በረጠበ የአሸዋ ወረቀት ይለስልስ። እሳቱ ለዚህ ሥራ ምንም አያስፈልግም። ልጁ ጆሮ አለው፤ ጆሮ ያለው ልጅ ቧንቧ አይነፈገው።

ከጠረጴዛው ላይ የጎደለው

ጠረጴዛው ላይ አራተኛ ነገር ቢኖር ብዬ ተመኘሁ። እ.ኤ.አ. በ1968 ዓ.ም. በህንድ ጃይፑር ከተማ ራም ቻንድራ ሻርማ የሚባል የእጅ ባለሙያና ፒ. ኬ. ሴቲ የሚባሉ የአጥንት ሐኪም «የጃይፑር እግር» የሚባለውን ሰው ሠራሽ እግር ሠሩ። ሻርማ እጁ እንጂ ዲግሪው አይደለም የሚታወቀው። በኋላ ዘዴው እየተሻሻለ ሲሄድ የእግሩን ቅልጥም የሚሠሩት ከምን ይመስላችኋል? ከፖሊኢትሊን ቧንቧ! ቧንቧውን በምድጃ ውስጥ አሙቀው፣ በሰውየው ጉዳት ልክ በጀሶ በተሠራ ቅርጽ ላይ ይስቡትና እዚያው ያበርዱታል። በኛም አካባቢ ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ፖሊፕሮፒሊን የሚባለውን ፕላስቲክ በሙቀት እየቀረጸ ሰው ሠራሽ እግር የሚሠራበትን ዘዴ አዳብሮ፣ ከተለያዩ የአፍሪካ አገሮች የመጡ ባለሙያዎችን አዲስ አበባ ላይ አሠልጥኗል።

ይህን ያነሣሁት ለምን መሰላችሁ? ያቺ የማታ ተማሪያችን ያደረገችውና ጃይፑር የሚደረገው በመሠረቱ አንድ ስለሆነ ነው፤ ልክ ያለው ሙቀት፣ ልክ ያለው ቅርጽ፣ እስኪበርድ መያዝ። እሷ ያላት አሸዋና ምስማር ነው፣ እነሱ ምድጃና ጀሶ አላቸው። መንገዱ ግን ያው ነው። በላይተር የሚሠራው ልጅ ያለበት መንገድ ወደዚያ አይወስድም።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

ለዳኞቹ አንድ ጥያቄ አለኝ። ነጥቡ የተሰጠው ለምን ነበር? ለማብራቱ ከሆነ ቀለም ሸልመናል ማለት ነው። በሚቀጥለው ዓመት የነጥብ ወረቀቱ ላይ «እንዴት ተሠራ?» እና «ተፈትኗል ወይ?» የሚሉ ሁለት ጥያቄዎች ይጨመሩ። ውኃ የሚይዝ ሥራ ውኃ ተሞልቶ፣ ፀሐይ ላይ ውሎ ይታይ።

ለመምህራን ባልደረቦቼ፤ ፒቪሲን በከሰልና በላይተር ማሞቅ ከክፍላችን ይውጣ። ቀጭኑን በፈላ ውኃ እናስተምር፣ ወፍራሙን ለመታጠፍ አናስገድደው። ሥራው ሁልጊዜ ደጅ፣ ነፋስ ባለበት ይሁን። ልጅ ካሳለና ዓይኑ ካለቀሰ ትምህርቱ ይቁም፤ «ትለምደዋለህ» አንበል። እኔ ብያለሁ፣ ተሳስቻለሁ።

ለተማሪዎች፤ መምህር ያሳያችሁን ሁሉ አትመኑ፣ ባልዲ ውኃ አምጡና ፈትኑት። እኔንም ጨምሮ።

ያን ልጅ ባለፈው ሳምንት እዚሁ ጋቦዴ መንገድ ላይ አገኘሁት። አሁን ሌላ ቦታ ሥራ ይዟል፤ ማገናኛ በላስቲክ ይዞ ነበር። የተሰነጠቀውን መገጣጠሚያ ለሚቀጥለው ትዕይንት እንዲያውሰኝ ለመንኩት። «ቲቸር፣ የተበላሸ ነገር ምን ይታያል?» ብሎ ሳቀብኝ። በኋላ ግን እሺ አለ። ስሙ እንዲጻፍ አልፈለገም። እኔም ከሥሩ የምለጥፈው ወረቀት ላይ የምጽፈው የራሴን ስም ነው።

አስተያየት ያላችሁ ለአዘጋጆቹ ጻፉ። እስከዚያው ቸር እንሰንብት።